«ካላመጣህ» የምትለዋ ቃል

ኅዳር 3 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ዛሬም ከዋርካው ሥር። ሰሌዳ የለም፤ የተነቀለ የበር ሳንቃ ላይ በከሰል እጽፋለሁ። ተማሪዬ አንድ ናቸው፤ መሪጌታ ይኄይስ፣ የቅኔ መምህር፣ ሽማግሌ። የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ አድማሴ ለሚመጣው የእንግሊዝ መኮንን አስተርጓሚ አድርገዋቸዋል። እኔ የሚሲዮን ት/ቤት እንግሊዝኛዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ሴት ከጦር ምክር አትገባም ተብሏል። ስለዚህ አስተምራለሁ። ይሁን። ደብተሬ፣ በዚህ አገር እንደኔ የሚያስተምር እንደሌለ አንቺ ታውቂያለሽ።

ትምህርቱ፦ ለብቻው የሚቆም አነጋገርና ጥገኛ አነጋገር። ጥገኛው ደጅ ጠኚ ነው አልኳቸው፤ ጌታ ሳያገኝ ሙሉ ነገር አይሆንም። ሳቁ። ደጅ ስጠና ነው የኖርኩት፣ ይኸ አይጠፋኝም አሉ።

ኅዳር 5

ጨረሱት! እንደ ስም የሚገባውን ጥገኛ፣ እንደ ቅጽል የሚገባውን፣ ጊዜና ምክንያት የሚናገረውን። «ዌን»፣ «ሁ»፣ «ቢኮዝ»፣ ሁሉንም ከግዕዙ ጋር እያስተያዩ ይውጡታል። ልጅ ቢሆኑ ግንባራቸውን እስም ነበር።

ቀጥሎ «ኢፍ»፤ የእኛ «ከሆነ፣ ካልሆነ»። ዋናው ይኸ ነው። ፊት/ ለእንግሊዙ የሚሉት፦ መድፍ ካመጣህ ጣሊያን ያለበትን የቡሬን ምሽግ እንመታለን፤ ካላመጣህ አንነቃነቅም። ከፊት ከሚሰለፉት ውስጥ ወንድሜ አላምረው አለ። ይህች ቃል ከተዋጠች እንግሊዙ ያለ መድፍም እንመታለን ያልን ይመስለዋል፤ ወንድሜም ጠመንጃ ብቻ ይዞ መትረየስ ላይ ይሄዳል። እፈራለሁ። ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ኅዳር 8፣ ከቀትር በኋላ

ልምምድ። እኔ እንግሊዝ ሆንኩ፤ ባርኔጣ ብቻ ቀረኝ። ፊት/ ቃላቸውን ተናገሩ። መ/ጌታ ተነሥተው ባማረ እንግሊዝኛ፦ እንኳን ደህና መጣህ፣ ቡሬን እንመታለን፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። «ኢፍ» የለችም!

ደገምን። አሁንም የለችም። ረስተው መስሎኝ ጠየቅኋቸው። የት ረስተው!

«እሜቴ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣን እንግዳ እፊቱ 'ካላመጣህ' ይሉታል? እሱ ራሱ ይገባዋል እንጂ!»

አይገባውም አልኳቸው። እንግሊዝ የተነገረውን ነው የሚሰማ። ጮኽኩባቸው፤ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው። አንገታቸውን ደፉ። አፈርኩ። ሰዋስው ማስተማር ለኔ ቀላል ነው። ይሉኝታን ከሰው ማውጣት ግን የት ተማርኩ?

ኅዳር 10፣ ጠዋት

መልእክተኛ ደረሰ። እንግሊዙ ነገ ሰከላ ይገባል፤ ፊት/ና መ/ጌታ ዛሬ ወጥተው እዚያ ይቀበሉታል። እንደገና ልምምድ። መ/ጌታ አንዴ ይሏታል፣ አንዴ ይውጧታል። እኔ ልሂድ ብዬ ፊት/ን ለመንኩ። ሴት! አሉ፤ ሌላ መልስ የለም። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ጉድ ስሚ። በቅሎ ተጭኖ፣ ሰው ቆሞ፣ መ/ጌታ ከተቀመጡበት አልነሣ አሉ። አልሄድም አላሉም፤ እሳቸው እንዲያ አይናገሩም። በቅኔ ቤት ሥርዓት ተማሪ መምህሩ ሳያሰናብተው እግሩን አያነሣም ነው ያሉት።

«የኔታ አሰናብተውኝ እንደሁ ይጠየቁልኝ» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ።

የኔታ! እኔን! ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊት/ መልካቸው ተለዋወጠ። እሳቸውም በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ሥርዓቱን ያውቁታል። አሰናብቻቸው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ያውም «እርስዎ» ብለው።

ትምህርቱ አላለቀም፣ አላሰናብትም አልኩ። ተማሪዬ ከሄዱ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ተናጋሪዋም እኔ ነኝ። ፊት/ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ሌላ በቅሎ ጫኑ ብለው አዘዙ።

አላምረው ኮርቻዬን እያጠበቀልኝ ነው። ከምን ላድነው እንደምሄድ ገና አልገባውም። መድፉን በዓይኔ ሳላይ ወንድሜን አልሰጥም። መ/ጌታ ከጎኔ ይቀመጣሉ። የሚከብደውን ቃል እኔ እናገራለሁ፤ ምርቃቱንና ሙገሳውን ለሳቸው ትቼላቸዋለሁ።