ስለ ሥዕሉ ሲጠይቁህ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣
የባህል ሳምንቱ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናቸው፤ ብርድ ሲሆን ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው፤ ምላሳቸውም ጭምር። ልጅህ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አያቷን መስላለች። ይህን ብናገር እማማ ግማሽ ቀን አኮረፉኝ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ እንዳላወራህ ይህ ቤት ለምሥጢር አይመችም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስት ደግሞ እኛ ቤት ሲነጠስ እሷ ናት "ይማርሽ" የምትለው። መልእክት በስልክ ብልክልህ ልጅህ ማንበብ ከቻለች ወዲህ ስልኬን እንደ ጋዜጣ ነው የምታነበው። ስደውልልህም ዘወትር ሥራ ላይ ነህ። ስለዚህ የባዮሎጂው መምህር ለስብሰባ ወዳለህበት ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። አሽጌዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ፕሮግራም ቤት ድረስ መጣ። የባህል ማዕከሉን ኃላፊ ረስተኸው እንደሆነ፣ ያ "በፕሮግራማችን መሠረት" ሳይል ውሃ እንኳ የማይጠጣው ሰውዬ ነው፤ ቅጽል ስሙን ተማሪዎቹ ያወጡለት አንተ እያለህ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና "የኔ እህት፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። የመምጫህን ቀን ሰምቶ ሊነግረኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ።

"ዩኒቨርሲቲው የባለቤትሽን ሥዕል ገዝቶታል" አለ። "ዋናው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ለዘለቄታው ይሰቀላል። ስሙም በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ከሥሩ ይቀመጣል።"

"ደግ ነው" አልኩ።

"ገና መች ጨረስኩ። የባህል ሳምንቱ መክፈቻ ዕለት እሱን በትልቁ ስክሪን በቀጥታ እናገኘዋለን። ስለ ሥዕሉ ለተማሪዎቹ ያብራራል፣ ጥያቄም ይቀበላል። አንቺ ፊት ለፊት ትቀመጫለሽ።"

እማማ ከጓዳ ሆነው "የኔ አንበሳ" አሉ። አንበሳው አንተ ነህ። እኔ ሻይ ስቀዳለት ስኒው ሞልቶ ሲፈስ አይቶ ከደስታ ነው ብሎ ወሰደው።

ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ደስ አይለኝም። ግን እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ሆዴ ሊፈነዳ ነው፤ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ መምህር በየዓመቱ በግቢው ኤግዚቢሽን ላይ አዲስ ሥራ ካላሳየ ወንበሩም ቤቱም ይወሰድበታል። በመጀመሪያው ዓመት "ጊዜ አጣሁ፣ እዚያ ካለው አንድ ነገር አድርጊ" አልከኝ። ጀምረህ የተውከውን ሸራ ጨረስኩት። በሁለተኛው ዓመት ግን የጀመርከውም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በስምህ የተሰቀለው ሁሉ የኔ ነው፤ ያንተ ፊርማው ብቻ ነው፣ እሱንም እኔ ነኝ የምጽፈው። አሁንማ ካንተ ይልቅ አሳምሬ እፈርመዋለሁ።

አምና ልገላገለው አስቤ ነበር። ሆን ብዬ አበላሸሁ። ቀለሙን አጨቀየሁት፣ የሰዎቹን እግር ሳልሠራ ተውኩት፤ ይህን ያየ ሰው ስምህን ይረሳዋል፣ እኔም ቀስ ብዬ ከመሃል እወጣለሁ ብዬ። ፕሮግራም መድረክ ላይ ወጥቶ "አርቲስታችን አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይህ ነው። እግር የሌላቸውን ሰዎች ትርጉም ለማስረዳት ሁለት መምህራን ተጣሉ፤ እስከ ዛሬም ሰላም አይባባሉም።

ባንተ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራ ተማሪም አለች። ትሑት ልጅ ናት፣ ቤት እየመጣች ትጠይቀኛለች። "ሴት ልጅ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን የሚሰማትን ወንድ ሆኖ እንዴት እንዲህ ሊያውቀው ቻለ?" አለችኝ። "ሚስቱን ያዳምጣል" አልኳት። ቁጭ ብላ ጻፈችው። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የመጣብኝ አላውቅም፤ ብቻ ውሃ ጥጄ ነበር ብዬ ተነሳሁ።

እማማ እንደምታስበው የማያውቁ አይደሉም። ጓዳ ውስጥ ስሠራ ሽታው ሲያፍናቸው መስኮት ይከፍታሉ፣ ብሩሽ ሳጥብ አጠገቤ ሆነው ሽንኩርት ይልጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ግን ገና ያልደረቀውን ሸራ እያሳዩ "ልጄ ከውጭ የላከው ነው" ይላሉ። አንድ ቀን "እማማ፣ ከውጭ የመጣ ሥዕል እንዴት እጅ ያቆሽሻል?" ብዬ ቀለድኩባቸው። "ባልና ሚስት አንድ እጅ ናቸው፤ ዝም ብለሽ ሥሪ" አሉኝ። የዚያን ቀን ምሳ ሲያቀርቡ ከሁሉም አስቀድመው ለኔ ሰጡኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እሳቸውም ይህ ቤት ከሄደ መግቢያ የላቸውም።

ጋሼን ግን ማታለል አልቻልኩም። የሁለታችንም መምህር ስለነበሩ የማንን እጅ የማያውቁት አለ? ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤት የሚወጡት ለኤግዚቢሽን ብቻ ነው፤ ዘንድሮም መጡ። አዳራሹ እንደድሮው ነው፤ ፈተና ሲሆን የፈተና፣ ዳንስ ሲሆን የዳንስ፣ አሁን ደግሞ የሥዕል። የውዝዋዜ ክበቡ ልጆች በአንድ ጥግ ይለማመዳሉ፣ የግጥም ክበቡ "ጸጥታ" እያለ ይጮህባቸዋል፣ ተማሪዎቹ በሥዕሎቹ ፊት ራሳቸውን ፎቶ እያነሱ ያልፋሉ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ሸራውን የሚያሸቱት እስኪመስል ተጠግተው ቆሙ። ከዚያ ዞር ብለው እጄን አዩ። እኔ የእንግዶች መዝገብ ላይ እየፈረምኩ ነበር፤ በግራ እጄ።

"ባልሽ ግራኝ ሆነ እንዴ?" አሉኝ።

የብሩሹ አካሄድ ነው። ያንተ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የኔ ወደ ግራ። ይህን ሁሉ ዘመን ፊርማህን ሳሳምር ስኖር እጄ በየሸራው ላይ እየመሰከረብኝ እንደሆነ አላሰብኩትም። "ቀኝ እጁን ታሞ ነበር ጋሼ" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ በል እንግዲህ፣ ቀኝ እጅህን ታመህ ነበር።

"ይማረው" አሉ ጋሼ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና "ልጄ፣ ተናገሪ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ" አሉኝ። እዚያው ላለቅስ ነበር።

"ቤቱስ ጋሼ?" አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ብናገር የሚሆነውን አስቤዋለሁ፤ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። ወንበርህ ይሄዳል፣ ከወንበሩ ጋር ቤቱ፣ ከቤቱ ጋር የልጅህ ትምህርት ቤት። እናትህን ይዤ የት እገባለሁ? አንተም አታላይ ትባላለህ፣ እኔም ተባባሪ። ዝም ብል ደግሞ ስምህ በነሐስ ይቀረጻል። እስከ ዛሬ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሥዕሎቹ ይወርዱ ነበር፤ እኔም "አንድ ቀን" እያልኩ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር እከታቸው ነበር። ይህኛው ግን አይወርድም። ልጄ አድጋ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ ለጓደኞቿ "አባቴ የሣለው ነው" ትላለች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ "አዎ" እላለሁ።

ሲመጣ ይስተካከላል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ዋናውን ዲፕሎማህንና የልደት ምስክር ወረቀትህን ላኪልኝ ስትለኝ ግን ፖስታ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ለሚመለስ ሰው ምን ያደርጉለታል? ለእማማ "ለመመለሻው ይፈልገዋል" አልኳቸው። "ይሁን" አሉ። ያን በየጊዜው እያወጡ ፀሐይ ያስመቱት የነበረውን ኮትህን ከዚያ ወዲህ ከቁም ሣጥን አላወጡትም።

በል አሁን የምትለውን ልንገርህ። አጥናውና ቅደደው።

ሥዕሉ በር ላይ የቆመች ሴት ናት። እኔ "በር" ነው ያልኩት፤ ፕሮግራም "ተስፋ" ብሎታል። እሱ ሥዕል ሁሉ ተስፋ ነው የሚመስለው፣ አትከራከረው። ከኋላዋ ያለው ጨለማ ጥቁር ቀለም አይደለም፤ ሰማያዊና ቡናማ ደራርቤ ያመጣሁት ነው፤ ጥቁር ተጠቀምኩ ካልክ ጋሼ ከወንበራቸው ይነሳሉ። በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ ብለው ይጠይቁሃል፤ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ክፍት ነው በል። ታዲያ ለምን አትወጣም ካሉህ፣ ከውስጥ የሚጠሯት አሉ በል። ከዚህ በላይ አትጨምር፣ ማብራራት ስትጀምር ታበዛዋለህ። ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆውን በግራ እጅህ አንሳ። የምትሠራበትን መጋዘን የሥራ ልብስ ለብሰህ እንዳትቀርብ፤ ከኋላህ ነጭ ግድግዳ ይሁን። "በየቀኑ እሥላለሁ" በል፤ እማማ ይህን መስማት ይፈልጋሉ።

እኔ እንደተባልኩት ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ፕሮግራም "ትዕግሥተኛዋ ባለቤቱ" ብሎ ያስነሳኛል፤ ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። እነሳለሁ። በመጠበቄ ያጨበጭቡልኛል። አመሰግናለሁ ብዬ እቀመጣለሁ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ጋሼ ራሳቸው እንደሚጠይቁህ ነግረውኛል። "ሴትየዋ ማን ናት?" ነው የሚሉህ። ለዚህ መልስ ሳዘጋጅልህ ነው ይህ ደብዳቤ የዘገየው። መጀመሪያ "ከሐሳቤ ነው የሣልኳት" በል ልልህ ነበር። በኋላ ጨርሼ ፎቶዋን የላኩልህን ቀን አስታወስኩ። "ጥሩ ወጥታለች፤ ሞዴሏን ከየት አገኘሻት?" ብለህ ነበር የመለስክልኝ።

ለሞዴል የምከፍለው ከየት አምጥቼ? የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ መስታወቱ ፊት ቆሜ ነው የሣልኳት። እማማ ገና ሲያዩዋት "ምነው እንዲህ ከሳሽ?" አሉኝ። ልጅህ ደግሞ ሮጣ ሄዳ ጉንጯን ልትስማት ስትል ቀለሙ ፊቷ ላይ ቀረ።

እና ጋሼ ሲጠይቁህ አትዋሻቸው። አላውቃትም በል።

ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ፣ ጤናህን አይንሳህ። እናትህ ግንባርህን ስመውሃል፤ ልጅህም አባቴን ሳሚልኝ ብላለች።

የልጅህ እናት