የተጠባባቂ ወንበር ጫፍ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ባለህበት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ከአንተ ሌላ ምንም አልጎደለብንም።

ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ! ከማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቻለሁ። የቀድሞዎቹን ደብዳቤዎች የጻፈልን ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው፤ መልስ ያልጻፍክልን፣ ዶሮ የጫረችው የሚመስለውን ጽሑፉን ማንበብ አቅቶህ ይሆናል።

ብሔራዊ ቡድናችን ትናንትም ተሸነፈ። አሰልጣኙ አምስት ተከላካይ ደርድሮ፣ አንዱን አጥቂ እንደ እርጥብ ልብስ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ዋለ። አባባን ያናደደው ግን ሌላ ነው። "ልጄን ለምን አያስገባውም?" ይላል። የተጠባባቂ ወንበር ጫፍ ላይ ኮፍያ ያጠለቀውን አንተ ነህ ብሎ ነው።

"አባባ፣ እሱ እንኳን ለአገር ለሰፈርም ተሰልፎ አያውቅ!" ብዬ ሳቅኩ።

አባባ ግን ድሮ ከሜዳ ሲጠራን እንደሚያደርገው በሁለት ጣቱ አፏጨ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ብሎ ወደ እኛ ዞረ። ፊቱ አልታየኝም። ጨዋታው አልቆ ሁሉም ሲነሳ፣ እሱ እንደተቀመጠ ቀረ።

"አሁን እሱን ማን ወደ ቤት ያመጣዋል?" አለ አባባ።

እኔ እንደምታውቀው ደፋር ነኝ፤ ያ ሰው አንተ ነህ ብዬ አላመንኩም። ግን እሁድ ሌላ ጨዋታ አለ። ከዚያ በፊት በራስህ እጅ አንዲት መስመር ጻፍልኝ። ጤናህን ጠብቅ። እስከዚያ የአባባን ጣቶች ይዤ እቆያለሁ።

አንደኛ የወጣው ወንድምህ