ሰማንያውን ሠላሳ ሁለት ያለ ማሽን

ኅዳር 8 ቀን 2001
ገብስ አሰጣሁ። ዶሮ ስከላከል ዋልኩ። ከሰዓት የሰበካ ጉባኤው ሰዎች አዲሱን ዲስክ ይዘው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮምፒውተር እኔ ቤት ነው ያለው፣ ግቢው መብራት እስኪገባለት። የምትነካው ሰናይት ናት፣ መምህርቷ። እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ።
የኔታ ገብረ መድኅን የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓን፣ ከዳር እስከ ዳር በድምፃቸው ሊቀዱ ነው። መፍጠን አለባቸው። የፊት ጥርሳቸው ይነቃነቃል... ለጥር መጀመሪያ ደብረ ታቦር ቀጥረዋቸዋል፣ ይነቀላል። "ያን ጊዜ እኔም ንፋስ መውጫ እሆናለሁ" ይላሉ፣ በከተማችን ስም።

ኅዳር 10
ዲስኩ ሰማንያ ጊጋ ተብሎ ነው የተገዛው። ላዩ ላይም ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ ግን ሠላሳ ሁለት ነው አለ። ሰናይት አጠፋችው፣ አበራችው። ሠላሳ ሁለት። የድሮ የበዓል ቪዲዮ ከገባበት በኋላ የሚተርፈው ቦታ ለግማሹ ጾመ ድጓም አይበቃም።
"የድምፁን ጥራት ብናሳንሰው ይገባ ነበር" አለች።
የኔታ ሰሙ። "የማንን ድምፅ?"
ሰናይት ወደ ማሽኑ ዞረች። እኔማ ድሮም ዝም ነኝ።

ኅዳር 12
የኔታ መጥተው ማሽኑን ሲያዩት ዋሉ። አሁን ደህና ተማሪ የላቸውም። ካሴ ነበር... ባሌ። ለመምህርነት ጥቂት ሲቀረው "በዜማ ልታበላኝ ነው?" አልኩት። ትቶ እህል ነጋዴ ሆነ። ሞተም። የኔታ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር?

ኅዳር 14
ዛሬስ ጉድ ነው። ዲስኩን የሸጠው ተሻገር ለሽማግሌ ቀረበ። አጥሬ ሥር ተቀመጡ፣ ቄስ ሥዩም ሰብሳቢ።
"ሰማንያ ብለህ ሸጠህ ሠላሳ ሁለት ሰፈርክ?"
"አባ፣ ሙሉ ነው። ማሽኑ ነው ያላየው።"
"ማሽኑ ካላየው የት ተቀመጠ?"
"እዚያው ውስጥ።"
አንዱ ሽማግሌ አሮጌውን ዲስክ በግራ፣ አዲሱን በቀኝ እጁ ይዞ መዘነ። ዓይኑን ጨፈነ። "አዲሱ ይቀላል። ጎድሏል።"
ተፈረደ፤ የጎደለውን ይሙላ።
"በምን ልሙላው፣ በገብስ?" አለ ተሻገር። በነጠላዬ ተሸፍኜ ሳቅኩ። ልማል ብሎ ተነሣ። "በብረት ጉዳይ ታቦት አትጥራ፣ ተቀመጥ" አሉት ቄስ ሥዩም።
የኔታ ጉንጫቸውን ይዘው "ተከሳሹ እሱ አይደለም፣ ማሽኑ ነው" አሉ። "አምጡትና ጠይቁት።"
ማሽኑ ወጣ፣ ተፈታ። ተሻገር ዲስኩን አዙሮ ሲያይ ከኋላው ከምስር የማትበልጥ ፕላስቲክ ቆብ ተሰክታ አገኘ።
"ረስቻት ነው። ዲስኩ ቀድሞ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። አሮጌዎቹ ትልቅ ዲስክ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ይህችን ሲያደርጉበት ሠላሳ ሁለት ነኝ ይላል።"
"እንዲዋሽ?"
"እንዲዋሽ፣ አባ።"
"የአውድማ በሬ አፉ ታስሮ ነዋ!" አሉ ቄስ ሥዩም። ተሻገር በጥፍሩ ነቀላት። ተገጠመ፣ ከቤት ገመድ ተስቦ በራ።
ሠላሳ ሁለት።
ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አነሡ። "ቆዩ! ቦታው አሁን ታይቷል፣ ቤት አልተሠራበትም እንጂ!" ብሎ ተሻገር ቁልፉን መታ፣ መታ። ባዶውን ለብቻው ከለለው። "ዲ" የሚል ሌላ ክፍል ብቅ አለ። አርባ ምናምን ጊጋ።
"ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም?" አሉት።

ኅዳር 22
መቅዳት ተጀመረ። የኔታ መጽሐፉን አቀበሉኝ። "ፊደል ታውቂያለሽ። ስዘል ንገሪኝ።"
ማንበብ ማን አስተማረኝ? የካሴን መጻሕፍት እያገላበጥኩ በራሴ ነው። ይሄም የካሴ ቦታ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አልተነጋገርንም። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

ታኅሣሥ 6
አንድ መስመር የዘለሉ መሰለኝ። ልናገር? እኔ ማን ነኝ... ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 27
አለቀ። እልል አሉ። እኔ እልል ማለት አቃተኝ።

ጥር 9
የኔታ ትናንት ከደብረ ታቦር ገቡ፣ ጥርሱ ተነቅሎ። ዛሬ መጥተው "እስቲ ያን ሰውዬ አሰሙኝ" አሉ። ሰናይት ከፈተችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ዜማ ሲያደምጡ ቆዩ። "ጥርስ አለው። ግን ይቸኩላል።"
መጽሐፉን ሳልታዘዝ አነሣሁ። ያ በታኅሣሥ ዝም ያልኩበት ቦታ እየቀረበ መጣ። ደረሰ።
"ዘለለ" አልኩ። ጮክ ብዬ።
ሰናይት አቆመችው። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን ነው የዘለለው?"
"ያ ጥርስ ያለው ሰውዬ።"
ምን አፌን ከፈተው? የኔታ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ። ሳቃቸው ያፏጫል። መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸው። አቀርቅረው አዩት።
"ቦታ አለ?" አሏት ሰናይትን።
"ሞልቷል፣ የኔታ።"
"እንግዲያስ ጥርስ የሌለው ይሙላለት። አንቺ ከመጽሐፉ ዓይንሽን እንዳታነሺ።"
አላነሣሁም። ሲያዜሙ ሁለቴ አስቆምኳቸው።