ሶሎ የምዘምርበት እሑድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት
ወሬው ስሕተት ነው። ከእናቶች መዘምራን ጋር አልዘምርም፣ ድምፄን ያበላሹብኛል አላልኩም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሶሎ እንድዘምር የጠየቀችኝ የመዘምራኑ መሪ ምሕረት ናት። እናቶቹ ለቡና ለቀማ ወደየገጠሩ ሄደዋል። ዲላ የቀረሁት እኔ ነኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ ብቻ። የመዝሙሩ ሦስተኛው አንጓ ጠፍቶኛል። አንደኛውና ሁለተኛው አሉ። ከዚያ ባዶ። ከልጅነቴ የማውቀው መዝሙር! እስከ ዛሬ አጠገቤ ከምትቆመው ከወ/ሮ በቀለች አፍ እየለቀምኩ ነው የዘመርኩት። ማንም አላወቀም። እሑድ ግን እሷ የለችም። ሰው ፊት ቆሜ ከጠፋኝ፣ ወሬው ሐዋሳ ያለው ልጄ ዳንኤል ዘንድ ይደርሳል። ባለፈው ምድጃ ሳላጠፋ ወጥቼ ሲደርስብኝ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ቤቱን ዘግቼ እወስድሻለሁ ብሏል። ዳንኤል የተናገረውን አይረሳም።

ረቡዕ። ከሰዓት
ምሕረት መጣች። ወረቀት ይዤ ልዘምር ብላት ሳቀች። «እማማ፣ እርስዎ? እኛን ወረቀት ያስጣሉን እርስዎ አይደሉ?» እውነቷን ነው። ስትወጣ ደግሞ፣ ሶሎ ለእርስዎ ምን አዲስ ነው፣ ሶሎ አይደል የሚኖሩት አለችኝ። አረምኳት። በሚሲዮን ት/ቤት የዜማ መምህራችን ያስተማሩን እንዲያ አይደለም። ሶሎ ማለት አንዱ ሲዘምር ሌሎቹ ዝም ብለው አጠገቡ መቆማቸው ነው። አይቀመጡም፣ አይሄዱም። ሌላው ብቸኝነት ነው፤ የዜማ ቃል አያስፈልገውም።


ዓርብ። ደመና
ቡና ለቀማ ኢዲዶ ለሄደችው ለበቀለች ደወልኩ። እየፈራሁ ሁሉንም ነገርኳት።   እሷም፣ «አንቺ፣ ይሄንን እኮ ከፋሲካ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጮኽሽ እያልሽ ስትቆጪኝ፣ ለማን ብዬ የምጮህ መስሎሽ ነው?» አለችኝ።

እሑድ መምጣቷ ግን አልለየለትም። በማድረቂያው አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና ብላሹን የሚለይላት ሰው የለም። ዝናቡም እየመጣ ነው።

ዓርብ። ማታ
ነገ መጀመሪያ፦ የይርጋጨፌ ሚኒባስ፣ ገና ሲነጋ። ከዚያ እስከ ኢዲዶ በሞተር። ተሳፍሬበት አላውቅም። እፈራለሁ፤ እሳፈራለሁ። መነጽሬን መያዝ። ብላሹን ቡና መለየት፤ በዚህ እንኳ አልታማም። እየለቀምን ሦስተኛውን አንጓ ታሰማኛለች። ማታ ይዣት መመለስ። እሑድ አጠገቤ ትቆማለች፤ አፏን የምትከፍተው ከጠፋኝ ብቻ ነው።
ከመውጣቴ በፊት ምድጃውን ማጥፋት።
ቆይ። የአሁኑን አጥፍቼዋለሁ?