መደርደሪያውን ለምን ሳሎን አልሰቀልኩትም

ሐሙስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን

ለእልኸኛዋ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽስ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ከመለገሙ በቀር ደህና ነኝ። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትዪ ይሆናል። ስልኩ እናትሽ ትራስ ሥር ነው የሚውለው። እሷ ደግሞ ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው፣ ምንም አያመልጣትም።

ባለፈው ስትደውዪ፣ «አባዬ፣ ፕሮጀክተሩን የላክነው ለሳሎን ነው እኮ! መኝታ ቤት ምን ይሠራል? የመደርደሪያውን ስዕል አላየኸውም እንዴ?» ብለሽ ተቆጣሽ። እኔም «ሥራዬን አውቃለሁ» ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። መልሱን ዛሬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እወቂ። እናትሽ «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብላ፣ ስለ ጤናዋ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስልሽ በራሷ ሞት አስምላኛለች። እኔ ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ በስተርጅናም አልጀምርም። ስለዚህ የምነግርሽ ስለ መደርደሪያው ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ሞኝ ልጅ አይደለሽም።

ልብስ ሰፊው እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠና፣ «አባባ፣ ለምን ቁርጡን አይነግሯትም?» አለኝ።

«አንተ የሰው ሱሪ አሳጥር፤ የእኔን ነገር አታሳጥርብኝ» አልኩት። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

የባልሽ ስዕል ጥሩ ነው። መደርደሪያው ከሶፋው በላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ፊት ለፊቱ ነጩ ግድግዳ። ሳሎን ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ልክ ነው። ሳሎን ግን አሁን የሚቀመጥ የለም። ሶፋው ላይ የታጠበ አንሶላ ነው የምከምርበት። አንሶላ በየቀኑ ይታጠባል፤ የማጥበውም እኔው ነኝ፤ እንደ እኔ አጥርቶ የሚያጥብ በሰፈሩ የለም።

ስለዚህ ለምስሉ የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ መረጥኩ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጣራና ኮርኒስ ስሠራ የኖርኩ አናጢ ነኝ። ሰው ኮርኒስ ሲያይ ይውላል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የእኛው ኮርኒስ ዝናብ ገብቶበት ቢጫ ክብ ክብ ሠርቶ ነበር፤ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ የአሮጌውን ቁም ሳጥን በር ፈትቼ ጣውላ አወጣሁ። ማሽኑ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ መቆም ስላለበት፣ መደርደሪያው ዙሪያውን አቅፎ እንዲይዘው እንደ ሳጥን አድርጌ ገጠምኩት። መጀመሪያ ከአልጋው ግርጌ ግድግዳው ላይ፣ ደረቴ ድረስ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ምስሉ የድስት ክዳን አከለ። ለካ ብርሃኑ ርቀት ይፈልጋል። ነቅዬ ወለሉ አጠገብ ዝቅ ሳደርገው ኮርኒሱን ሞላው። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ጋለና ድርግም አለ። መተንፈሻውን በጣውላ ደፍኜበት ኖሯል። ጎንና ጎኑን በመሰርሰሪያ በሳሳሁለት፤ አሁን ይተነፍሳል።

የሠርግሽን ቪዲዮ ከፈትኩ። ግርጌ ቆሜ ሳየው እጄን ራሴ ልስመው ነበር።

«አየሽ?» አልኳት እናትሽን።

«አየሁ። ሰው ሁሉ በአናቱ ቆሟል።»

«ቀልድሽን ተይ!»

«እውነቴን ነው አንተ ሰውዬ። አማችህ ተዘቅዝቆ ቀለበት እያጠለቀላት ነው።»

«ማሽኑ ነዋ።»

«ማሽኑ ምን አደረገ? የተከለው ሰው ነው።»

አላመንኳትም። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ጋደም አልኩና ሽቅብ አየሁ። እውነትም አንቺ ተዘቅዝቀሻል፤ ቬሎሽ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እኔ ያስተካከልኩት ቆሞ ለሚያይ ሰው ነበር። እናትሽ እስኪያስላት ሳቀች። ይህ ስለ ጤና አይደለም፤ ስለ ሳቅ ነው።

ማሽኑን አዙሬ ተከልኩትና ተመልሼ ጋደም አልኩ። አሁን ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘግተን አብረን እናያለን። እሷ እስከ መጨረሻው አታይም። የአንቺ ፊት ሲመጣ «እዚህ ላይ አቁመው» ትለኛለች። አቆመዋለሁ። ትንሽ እንዳየችሽ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔም አላጠፋውም።

በሚመጣው ክረምት እንመጣለን ብላችኋል። መደርደሪያው እስከዚያ መቆየቱን እንጃ። ጣውላው ብዙ ያገለገለ ነው። አቅሜ የቻለውን ያህል አጥብቄዋለሁ፤ ግን ጠዋት ያጠበቅኩት ማታ ላልቶ ይጠብቀኛል። ክረምት ሩቅ ነው። አናጢ ነኝ፤ እንጨት ሲደክም አውቃለሁ። ስለ መደርደሪያው ነው የምናገረው።

ባልሽን ስዕሉ ቆንጆ ነው ብሎሃል በይልኝ። ፈጣሪ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ መንገድሽን ያቅና፤ የቅርብ መንገድ ያድርገው።

የበሩን ቁልፍ ልብስ ሰፊው ዘንድ አስቀምጬልሻለሁ፤ ራስሽ ከፍተሽ ግቢ። አደራ፣ እንዳታንኳኪ። ካንኳኳሽ እናትሽ «ቆይ፣ መጣሁ» ትላለች።

አባትሽ