የጎደሬው በር

መጋቢት 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁት። አሁን ልክ ነው። ስድስት መደብ፤ እያንዳንዱ 6 ሜ. በ1 ሜ.፣ መተላለፊያው 40 ሣ.ሜ.። ሃያ ምናምን ዓመት ላም ሲታሰርበት የኖረ ጓሮ፤ ላሟ ተሸጠች፣ ዶማ ዛሬ ገና አየ። 1ና 2 ካሮት፤ 3 ቀይ ሥር፤ 4ና 5 ቆስጣ፤ 6 ሰላጣ። ጎረቤቴ ማርታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ቲቸር፣ ካሮቱም በማስመሪያ ነው የሚበቅለው?» አለች። ትሳቅ። አዳሪ ት/ቤት ሳለሁ የአትክልት ረድፍ ያጣመመች ልጅ ሁሉንም ነቅላ እንደገና ትተክል ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነቀልኩት።

መጋቢት 15
ዝናቡ ጥሩ ነው። ካሮቱ ገና። 3ና 4 ላይ ግን ያልዘራሁት ብቅ ብሏል። ጎደሬ። አራት። ነቀልኳቸው። ደብተሬ፣ እኔ ጎደሬ ተክዬ አላውቅም።

መጋቢት 19
ዘጠኝ ሆኑ። የነቀልኳቸውም ተመልሰዋል። አንዱ መተላለፊያው መሃል ላይ ቆሟል። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ሥሩን አወጣሁ። ወገቤ።

መጋቢት 26
ሠላሳ ስምንት። መንቀሉ ሰለቸኝ። የመደቦቹ ፕላን ላይ የእያንዳንዱን ጎደሬ ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁ። ስጨርስ ቀና ብዬ ወረቀቱን አየሁ። ክብ ነው። ከዳር እስከ ዳር 5 ሜ.። በጎደሬዎቹ መካከል 40 ሣ.ሜ.፤ የትም አይዛነፍም። አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ነው፤ 80 ሣ.ሜ.። ክፍቱ ከቤቴ የኋላ በር ጋር ፊት ለፊት ነው። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

መጋቢት 28
ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ። ሲያባራ ማስመሪያዬን ይዤ ወጣሁ። ከክቡ ውጪ እስከ 12 ሣ.ሜ. ጥልቀት ጭቃ። ክቡ ውስጥ አቧራ። ተሳስቻለሁ ብዬ በአምስት ቦታ ደግሜ ለካሁ። አቧራ። ጎደሬዎቹ ሥር ደግሞ ትንንሽ ጉድጓዶች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ከጣራ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውሃ መሬቱን እንደሚቦረቡረው። ጣራ የለም። ቀና ብዬ አይቻለሁ። የለም።

ሚያዝያ 2
ማርታን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለት ነገር ልመዝግብ። ጎደሬውን በአንድ እርምጃ መሻገር ስትችል፣ ዞራ በክፍቱ ገባች። ስትገባም አጎነበሰች። ለምን እንዳጎነበሰች ጠየቅኋት። አላጎነበስኩም አለች። ተከትያት ስገባ የእኔም እጅ ግንባሬን ሊከላከል ተነስቶ አገኘሁት።
ከዚያ ነገረችኝ። ጎደሬ የሚተከለው በቤት ዙሪያ ነው፤ የጣራው ውሃ በሚወርድበት። እዚህ የነበረው የራሔል እናት ቤት ነው። ራሔል፣ ገበያ ላይ የጎመን ችግኝ የምትሸጥልኝ! እናትየው ታማ ገጠር እህቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ፣ ቤቱ ፈርሷል፣ መሬቱ ተደልድሎ ለአስተማሪ ተሰጥቷል። ልጇ ቤት ተጠግታ ሞተች።
«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»
«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»
ሥሩ መሬት ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ይቆያል ወይ አልኳት። አይቆይም አለች።

ሚያዝያ 3
የመሬቱን ፋይል አወጣሁ። የርክክቡ ቅጽ። የራሴ ጽሕፈት፤ ያማረ፣ የተስተካከለ፤ «ቦታውን በአካል ተገኝቼ አይቻለሁ፤ ባዶ ነው» ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ። ደብተሬ፣ አላየሁም። ጭቃ ነበር። ጫማዬ አዲስ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስመጣ የተደለደለ መሬት ጠበቀኝ፤ ስለዚህ እውነት የጻፍኩ መሰለኝ። አሠራሩን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ለጻፈ ተማሪ ዜሮ እሰጥ ነበር። ለስንቱ ሰጠሁ።

ሚያዝያ 6
ካሮቱ ከክቡ ውጪ ቀጥ ብሎ በቅሏል። ውስጥ አንድም የለም። መሃሉን በዶማ ነካ ነካ ሳደርግ ሦስት ድንጋይ ወጣ። ጉልቻ። ሥሩ አመድ አለ። እጄን ሰደድኩ። ይሞቃል። የፀሐይ ሙቀት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ
ገበያ። አሥር ችግኝ ገዛሁ፤ የምተክልበት የለኝም። ራሔል፣ «ዛሬ ቁመቱን ሳይለኩ ገዙ ቲቸር? አሞዎታል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሰኞ ቤቴ እንድትመጣ ብቻ ለመንኳት። መንገዱን ላስረዳት ስጀምር ሳቋ ቆመ። አውቀዋለሁ አለች።

ሚያዝያ 10፣ ጠዋት 2 ሰዓት
መጣች። ቤቴን ዞር ብላ አላየችም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ። ክፍቱ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ቆመች። ከዚያ እንደ ማንኛውም እንግዳ «ቤቶች!» አለች።
አጠገቧ ነበርኩ። አልመለስኩም። የሚመልሰው የቤቱ ሰው ነው። ጠበቅን። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ አጎንብሳ ገባች።

ቀን 6 ሰዓት
ገና አልወጣችም። ጉልቻው አጠገብ ተቀምጣ በእናቷ ቋንቋ በአሪኛ ታወራለች፤ ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች። ያካፋል። ቀሚሷ ደረቅ ነው።
አልገባሁም። በረንዳ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ። ለሚመለከተው ብዬ ጀመርኩ። ቦታው ባዶ አልነበረም። ክብ ቤት ነበረበት፤ ወርዱ 5 ሜ.፣ በሩ 80 ሣ.ሜ.። የቤቱ ባለቤት በሕይወት ነበረች። ጓሮው ለልጇ ለራሔል ይመለስ። ቦታውን በአካል ተገኝቼ አይቻለሁ።
ፈረምኩ።