የሙከራ መልእክት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ውሃ መጣ። የውሃ ፈረቃ እንዲያሳውቅ የሠራሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትናንት ነግሮን ስለነበር እማዬ በርሜሎቹን በጊዜ ደርድራ ሞላች። የመረቀችኝ ምርቃት ለብቻው ነው።

አሁን የያዝኩት ለሰፈራችን እድር ነው። ጡሩምባ ነፊያችን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ዳገቱን አልቻሉትም። ሊቀመንበሩ ጋሽ በላቸው፣ ለቅሶ ሲኖር ለአባላቱ ሁሉ በአንዴ መልእክት የሚልክ ነገር ሥራልን አሉኝ። እሺ አልኩ። ስም ዝርዝሩን የሰፈራችን ልጅ ሰናይት አነበበችልኝ። የአባቷ የጋሽ መኮንን ስልክ ተበላሽቷል፤ በስማቸው ላይ የእሷን ቁጥር አስገባሁ። ጋሽ መኮንን ሆስፒታል ከገቡ ሳምንታቸው። ሲሻላቸው ሽማግሌ እልክባቸዋለሁ። ማስታወሻዬ፣ ይኸው ላንተ ብቻ ነገርኩህ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሙከራ። ለሰናይት ብቻ ላክሁ። የሟቹን ስም የራሴን አደረግሁ። ነፍስ ይማር፣ ግን የወሰድክብኝን ጃንጥላ ማን ሊመልስልኝ ነው ብላ ጻፈች። ዛሬ ስድስቴ ሞትኩ። ስድስቴም ቀለደችብኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጋሽ መኮንን አረፉ። 9 ሰዓት ላይ። ሰናይት ልብሳቸውን ልታጥብ ወደ ቤት ወጥታ ነበር፤ አጠገባቸው የነበሩት አጎቷ ናቸው። ለጋሽ በላቸው ደወሉ፦ ልጅቷ እንዳትሰማ፣ መርዶው ነገ ጠዋት በዘመድ ይነገራት። ጋሽ በላቸው እሺ ብለው፣ ድንኳን ተካዮቹ እንዲዘጋጁ ፕሮግራሜን ነኩት። የሞታቸው መልእክት ለሁሉም ሄደ። ለእሷም።

ጡሩምባ ነፊው የትኛው በር ላይ ዝም እንደሚባል ያውቃሉ። እኔ ይህን አላስገባሁበትም። እንዴት አላሰብኩትም? እንዴት?

አዲሱ ገበያ፣ ታክሲ ውስጥ ሆና ነው ያነበበችው። ወዲያው ጻፈችልኝ፦ «ጤና የለህም? ለሙከራ ከአባቴ ሌላ ስም አጣህ? ነገ ለራሱ ነው የምነግርብህ፣ ይስቅብሃል።»

ለጋሽ በላቸው ደወልኩ። ሙከራ ነው በላት፣ መርዶ ወግ አለው፣ ታክሲ ውስጥ አይነገርም አሉ። አባላቱንም ማንም እንዳይደውልላት አስጠንቅቀዋል።

«አዎ፣ ሙከራ ነው። ይቅርታ» ብዬ ላክሁ። «ባለጌ» አለችኝ። ከሳቅ ምልክት ጋር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የጋሽ መኮንን ሸሚዝ ታጥቦ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። ዛሬ ልትወስድላቸው። በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ... አልጽፈውም። ቀበርናቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሰልስት። ሰናይት ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠራችኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል። ቅዳሜ ብታውቅ ኖሮ ከታክሲው ወርዳ ትመለስ ነበር። ሳይቀዘቅዝ የአባቷን እጅ ትይዝ ነበር። ደጋግማ ይህንኑ ነገረችኝ። ጋሽ በላቸው ደግሞ፣ ልጁ አላወቀም፣ ፕሮግራሙ የተሳሳተ መስሎት ነው ብለዋታል። አምናለች። እንዲያውም አንተም አሳዘንከኝ አለችና እጄን ያዘች።

እኔ ዝም። አንተ ቅሌታም! ዝም!

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የእድሩ ኮሚቴ አመሰገነኝ። ድንኳኑ በጊዜ ተተከለ፣ ሰዉ በአንዴ ደረሰ፣ እግዜር ይስጥህ። የሟች ቤተሰብን ቁጥር የሚዘል ነገር ብቻ ጨምርበት አሉ። አራት መስመር ነው። ከምሳ ጀምሮ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ አንዷንም አልጻፍኩም።

ለእማዬ ነገርኳት። እንዳትነግራት አለች። ወጉ ነው ያስዋሸህ፣ ልጅቷን ለምን ዳግም ታቆስላታለህ? ጋሽ በላቸውም እንዲሁ። እውነታቸውን ነው። ሰናይት ግን እጄን የያዘችው ያላወቀ ሰው መስዬያት ነው። ልቤ ስብርብር ብሏል። እወዳታለሁ፤ በዚህ ውሸት ላይ ግን ቤት አይሠራም።

11 ሰዓት። ለቀስተኛው ሳስቷል፣ ብቻዋን አገኛታለሁ። በስልክ አይሆንም፤ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ማየት ላትፈልግ ትችላለች። ትፍረድብኝ። ጫማዬን አድርጌያለሁ። አንቺ ታክሲው ውስጥ እያለሽ አውቅ ነበር እላታለሁ። አውቅ ነበር፣ ሰናይት። እያወቅሁ ሙከራ ነው አልኩሽ።